የከተማይቱ ሰላም፦ በስደት ተሰባስቦ ስለ መኖር

በባዕድ አገር የሚኖር ሕዝብ በአንድ ሰፈር ተሰባስቦ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እየተነጋገረና በአባቶቹ ሥርዓት እያመለከ ሲኖር የተቀበለውን አገር መበደሉ ነውን? ጥያቄው በዚህ ክፍለ ዘመን የአውሮፓን ፖለቲካ ሰቅዞ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2010 የጀርመኗ መራሂተ መንግሥት አንጌላ ሜርክል ፖትስዳም ላይ ባደረጉት ንግግር የብዝኃ ባህል ሙከራ ፈጽሞ ከሽፏል አሉ። በ2011 መጀመሪያ የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ሙኒክ ላይ ተመሳሳይ ወቀሳ አሰሙ። ዴንማርክ ደግሞ ከንግግር አልፋ በ2018 ሕግ አወጣች። መንግሥት «ጌቶ» ብሎ በዘረዘራቸው ሰፈሮች የሚኖሩ ሕፃናት ገና አንድ ዓመት ሲሞላቸው በሳምንት ቢያንስ 25 ሰዓት በሕፃናት መዋያ እንዲያሳልፉ ተደነገገ፤ እንቢ ያለ ወላጅ የልጅ ድጎማውን ሊያጣ ይችላል። ለዓመታት ከዝርዝሩ ያልወጡ ሰፈሮችም ለቤተሰብ የሚከራዩ ማኅበራዊ ቤቶቻቸው ድርሻ ወደ 40 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ቤቶቹ እንዲሸጡ፣ እንዲፈርሱ ወይም ለሌላ አገልግሎት እንዲውሉ ተወሰነ። አንድን ሰፈር ከዝርዝሩ ከሚያስገቡት መለኪያዎች አንዱ ከነዋሪዎቹ ከግማሽ የሚበልጡት «ምዕራባውያን ካልሆኑ» አገሮች የመጡ ወይም የእነሱ ልጆች መሆናቸው ነው።

ከእነዚህ ንግግሮችና ሕጎች ሥር አንድ ግምት ተቀምጧል፤ ተሰባስቦ መኖር የመቀላቀል ተቃራኒ ነው፣ ስደተኛው ከተበተነ ይቀላቀላል፣ ከተመሳሰለ አገሬው ይሆናል የሚል። እኔ ግምቱ ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው የአንድ ከተማ ሰው የሚሆነው ጎረቤቱን ስለ መሰለ ሳይሆን የከተማውን ደኅንነት እንደ ራሱ ጉዳይ ስለ ያዘ ነው። ይህን ኃላፊነት በሙሉ ልብ ለመሸከም ደግሞ ሁለት ነፃነቶች ያስፈልጉታል፤ ከወገኑ ጋር የመኖር ነፃነትና ከወገኑ ተለይቶ የመሄድ ነፃነት። ሁለቱ ባሉበት ቦታ ተሰባስቦ መኖር ለከተማው ጥቅም እንጂ ጉዳት አይደለም። አንዱ በጎደለበት ግን፣ ያጎደለው መንግሥትም ይሁን የገዛ ማኅበረሰቡ፣ ሰፈሩ ነዋሪውን ያፍናል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ለምን አብረው ይኖራሉ?» ሳይሆን «መውጣት የሚፈልገው መውጣት፣ መቆየት የሚፈልገውም ሙሉ ዜጋ ሆኖ መቆየት ይችላል ወይ?» የሚለው ነው።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም፤ ሃይማኖት ቀድሞ መክሮበታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ገደማ ናቡከደነፆር የይሁዳን ንጉሥ ከመኳንንቱና ከእጅ ባለሙያዎቹ ጋር ወደ ባቢሎን ካፈለሰ በኋላ ነቢዩ ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም ለምርኮኞቹ ደብዳቤ ላከላቸው፤ በትንቢቱ ሃያ ዘጠነኛ ምዕራፍ ላይ ይገኛል። ደብዳቤው የደረሰው ሌላ ድምፅ በሚሰማበት ጊዜ ነበር። ሐናንያ የሚባል ነቢይ በሁለት ዓመት ውስጥ የተማረከው ሁሉ ይመለሳል እያለ ሕዝቡን ተስፋ ይሰጥ ነበር። ኤርምያስ ግን ተስፋውን ሐሰት ነው አለ። ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት ተክለው ፍሬውን እንዲበሉ፣ ልጆቻቸውን እንዲድሩና እንዲበዙ አዘዛቸው። ቀጥሎም ለሰሚው እጅግ የሚከብድ ቃል ጨመረ፤ ማርካ የወሰደቻቸውን የዚያችን ከተማ ሰላም እንዲፈልጉ፣ ስለ እርሷም እንዲጸልዩ፣ የእነሱ ሰላም ከእርሷ ሰላም ጋር የተያያዘ ነውና። ደብዳቤው ያላለውንም ማስተዋል ይገባል። ባቢሎናውያንን ምሰሉ አላለም፤ አምላካችሁን ተዉ አላለም፤ ተበታትናችሁ ኑሩም አላለም። ነቢዩ ሕዝቅኤል በኮቦር ወንዝ አጠገብ በቴልአቢብ አብረው በሚኖሩ ምርኮኞች መካከል እንደ ተቀመጠ ይነግረናል። ከባቢሎን ምድር የተገኙ የሸክላ ጽላቶችም ይህንኑ ያረጋግጣሉ። ከልደት በፊት ከስድስተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተጻፉት እነዚህ ውሎች «አል ያሁዱ»፣ ማለትም የይሁዳ ከተማ፣ የሚባል ሰፈር እንደ ነበረ ያሳያሉ። ነዋሪዎቹ መሬት ይከራያሉ፣ ግብር ይከፍላሉ፣ ይበደራሉ፣ ከባቢሎናውያን ጋር ይዋዋላሉ፤ በአምላካቸው ስም የተሰየሙ ሰዎችም በውሎቹ ውስጥ በብዛት ይገኛሉ። ሰፈራቸው የራሳቸው ነበር፤ ግብራቸውና ሥራቸው ግን የአገሩ ነበር።

ከዚያ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ተመሳሳይ ነገር በእኛው ምድር ታየ። የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት በ615 ገደማ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ግፍ ሸሽተው ወደ ሐበሻ ተሻገሩ። የቁረይሽ መልእክተኞች ገጸ በረከት ይዘው እንዲመለሱላቸው ሲጠይቁ፣ የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ በስደተኞቹ ስም ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ የተናገረውን አድምጦ አሳልፎ አልሰጣቸውም። ታሪኩ በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚነሣው ለእንግዳ ተቀባይነታችን ምስክር ሆኖ ነው፤ ለዚህ ክርክር ግን ከዚያ የሚልቁ ሁለት ነገሮች በውስጡ አሉ። አንደኛው፣ ከስደተኞቹ አንዱ የሆነው ዑበይዱላህ ኢብን ጀሕሽ ክርስትናን ተቀብሎ እዚሁ ሲሞት ባለቤቱ ኡሙ ሐቢባ በእስልምናዋ ጸንታ መኖሯ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ለወጠ፣ አንዷ አልለወጠችም፤ በትረካው ውስጥ ማንም ማንንም አላስገደደም። ሁለተኛው ከስደተኞቹ አንዷ የነበረችው ኡሙ ሰለማ ያስተላለፈችው ነው። በነጃሺ ላይ ተቀናቃኝ ተነሥቶ ጦርነት በሆነ ጊዜ ስደተኞቹ በጭንቀት ተይዘው ንጉሡ እንዲያሸንፍ ጸለዩ፤ ከመካከላቸውም ዙበይር ኢብን አል ዐዋም በተነፋ አቁማዳ ወንዙን ዋኝቶ ተሻግሮ የውጊያውን ወሬ አመጣላቸው። እስላሞች በራሳቸው ጸሎት ለክርስቲያን ንጉሥ ድል ለመኑ። የኤርምያስ ደብዳቤ የጠየቀው ይህንኑ ነው። አገሩን የወደዱት በመምሰል አልነበረም፤ ፍትሕ ስላገኙበት ሰላሙ ሰላማቸው ሆኖ ነው።

ለመሆኑ ሰው በባዕድ አገር ለምን ይሰባሰባል? አገሬውን ስለ ናቀ አይደለም። ብቻን የማይወጡት የኑሮ ሸክም ስላለ ነው። መርዶን እንውሰድ። በእኛ ወግ ሰው የእናቱን ሞት ብቻውን ቆሞ በስልክ መስማት የለበትም። ወዳጆቹ ተጠራርተው ጎሕ ሲቀድ በሩን ያንኳኳሉ፤ በዕድሜ የገፋው ይቀድማል፤ ከመካከላቸው አንዱ ይነግረዋል፤ ራሱን ሊጥል ሲል የሚይዘው እጅ አጠገቡ አለ። ከዚያ በኋላ ለቀናት ቤቱ ሰው አይለየውም፤ እህል የሚያመጣ ያመጣል፣ ቡና የምታፈላ ታፈላለች። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ፣ ድንኳኑ በአፓርታማ ሳሎንና በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ቢተካም፣ ወጉ እስከ ዛሬ ይፈጸማል። ለዚህ ግን ጎሕ ሳይቀድ ሊደርስ የሚችል ጎረቤት ያስፈልጋል። በሐበሻ ሱቅ በር ላይ የተለጣጠፈውን ወረቀት ማንበብም ብዙ ያስተምራል፤ የሚከራይ ክፍል፣ ልጅ የምትጠብቅ ሴት፣ የመንጃ ፈቃድ ትምህርት፣ የታክስ ሠራተኛ፣ የሙት ዓመት ጥሪ። ትናንት የገባ ሰው ገና ቋንቋውን ሳይለምድ ማደሪያና እንጀራ የሚያገኘው በዚያ ወረቀት ነው። ባንክ የብድር ታሪክ የለህም ብሎ ሲመልሰው ለታክሲው ወይም ለሱቁ መነሻ ገንዘብ የሚያወጣለት እቁብ ነው። የአገሩ ኅብረተሰብ ውስጥ የሚገባበትን የመጀመሪያ ደረጃ የሚያቆምለት ይኸው ሰፈር ነው።

ይህ በምኞት ብቻ የተባለ አይደለም። ስዊድን በ1985 ስደተኞችን በትልልቅ ከተሞች እንዳይከማቹ በመላ አገሪቱ የማስፈር መርሕ ጀመረች። የሚሰፍሩበትን ቦታ በአብዛኛው የሚመርጡት ራሳቸው ስላልሆኑ፣ ወገን በበዛበትና ባልበዛበት ቦታ የደረሱትን ሰዎች ዕጣ ማነጻጸር ተቻለ። ኤዲን፣ ፍሬድሪክሰንና ኦስሉንድ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ትምህርታቸው ዝቅተኛ የሆነ ስደተኞች በወገኖቻቸው መካከል ሲኖሩ ገቢያቸው ከፍ እንደሚል አገኙ። ጥቅሙ ግን እንደ ማኅበረሰቡ አቅም ይለያያል፤ ሥራና ገቢ ያለው ማኅበረሰብ አዲስ መጪውን ወደ ላይ ይስበዋል፣ ራሱ የተቸገረው ግን እምብዛም አይጠቅመውም። የሚጎዳው መሰባሰቡ ሳይሆን ድህነቱ ነው ማለት ነው።

መበተን መቀላቀል ቢሆን ኖሮ በዓለም ላይ ከሁሉ ይበልጥ ከአገሬው ጋር የተዋሐዱት በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በሊባኖስ በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩት እህቶቻችን በሆኑ ነበር። ከእነሱ የበለጠ የተበተነ የለም፤ በየቤቱ አንዳንድ ናቸው። ከአገሬው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ፣ ምግቡን ያበስላሉ፣ ልጁን ያሳድጋሉ፣ ዐረብኛውን ይለምዳሉ። ነገር ግን በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ ብዙዎቹም ፓስፖርታቸው ስለሚወሰድባቸው፣ ከቤቱ ወጡ ማለት ከሕግ ወጡ ማለት ይሆናል። አብሮ መኖር አለ፤ የአገር ሰው መሆን ግን የለም። ቤይሩት ውስጥ የዕረፍት ቀን የተፈቀደላት ሴት እሑድ እሑድ ወደ ዶራና ወደ ቡርጅ ሐሙድ ትሄዳለች። እዚያ በቋንቋዋ ትስቃለች፣ ለእናቷ ገንዘብ ትልካለች፣ ጠጉሯን ትሠራለች፣ ደመወዝ የተከለከለች ጓደኛዋ ምን ማድረግ እንዳለባት ትመካከራለች። ቡርጅ ሐሙድ ራሱ ከጭፍጨፋ የተረፉ አርመኖች ተሰባስበው የመሠረቱት ሰፈር ነው። የእሑዱ መሰባሰብ ከሊባኖስ ኅብረተሰብ የሚለያት ሳይሆን በዚያ አገር ሰው መሆኗ የሚታወቅበት ብቸኛው ቦታ ነው። ከዚህ የምንማረው መቀላቀል የአድራሻ ጉዳይ ሳይሆን የመብት ጉዳይ መሆኑን ነው።

መመሳሰል ለአገርነት ይበቃል የሚለውን ከሁሉ አጥብቆ የሚፈትነው ግን የቤተ እስራኤል ታሪክ ነው። እነሱ ወደ እስራኤል የሄዱት ወደ ባዕድ አገር እንሄዳለን ብለው አልነበረም። ለዘመናት ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው ሲጸልዩ፣ በየዓመቱ ስግድን ለማክበር ተራራ ሲወጡ ኖረው፣ ወደ ተስፋቸው ምድር መግባታቸው ነበር። የሴፋርዲ ዋና ረቢው ኦቫዲያ ዮሴፍ በ1973 አይሁድ መሆናቸውን አጸኑ፤ በ1975 የመመለስ ሕጉ እንዲያካትታቸው ተወሰነ። በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ በሱዳን በኩል ወደ ስምንት ሺህ የሚጠጉ ገቡ፤ በመንገድና በመጠለያ የቀሩት ሙታን ወደ አራት ሺህ ይገመታሉ። በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ በአውሮፕላን ተወሰዱ። ሃይማኖታቸው የአገሩ ሃይማኖት ነው፤ ዜግነታቸው ከገቡበት ቀን የሚጀምር ነው፤ ልጆቻቸው ወታደር ሆነው ያገለግላሉ። መንግሥትም በቅን ልቡና ሊያዋሕዳቸው ፈለገ። ለብዙዎቹ ገና ሲገቡ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው፤ አብዛኞቹ ወጣቶች ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ፤ ከተማ ለከተማ ተበትነው ቤት እንዲገዙ ልዩ ብድር ተመደበላቸው። መመሳሰልን የሚሻ መንግሥት ከዚህ የተሻለ ሁኔታ አያገኝም።

የሆነው ግን ሌላ ነው። የረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ጋብቻ ለመፈጸም የሥርዓት ጥምቀት አድርጉ ብሎ አይሁድነታቸውን በጥርጣሬ ያዘ፤ በ1985 ኢየሩሳሌም ውስጥ ለአንድ ወር ገደማ ሜዳ ላይ ተቀምጠው ተቃወሙ። ኦሪቱን በግእዝ ለትውልድ ያቆዩት ቄሶች ጋብቻ የማስፈጸም ሥልጣን ተነፈጉ። በ1996 የለገሱት ደም በስውር ሲደፋ መኖሩ ተገለጠ። የቤት ብድሩ በርካሽ ሰፈር ቤት ለመግዛት ብቻ የሚበቃ ስለነበር፣ የተበተኑት ሰዎች በኔታንያ፣ በሬሆቮትና በቂርያት ማላኪ ድሃ መንደሮች ተከማቹ። በቂርያት ማላኪ በ2012 መጀመሪያ አደባባይ የወጡት፣ አንዳንድ የቤት ባለንብረቶች ለኢትዮጵያውያን ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው ስለ ተሰማ ነበር። በ2015 የደንብ ልብስ የለበሰ የራሳቸው ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳይ ምስል ከወጣ በኋላ ወጣቶቹ ኢየሩሳሌምንና ቴል አቪቭን አናወጡ። መመሳሰል ፈታኙ በፈለገ ጊዜ የሚያራዝመው ፈተና መሆኑን ይህ ታሪክ ያስተምራል። ስም ሲለወጥ አምልኮ ይጠየቃል፤ አምልኮ ሲስማማ ደም ይጠየቃል፤ ደም በጦር ሜዳ ሲፈስም የቆዳ ቀለም ይቀራል።

ለውጥ የመጣው ሲመሳሰሉ ሳይሆን ሲቆሙ ነው። በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት ስግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ ደነገገ። ከዮም ኪፑር በኋላ በሃምሳኛው ቀን ቄሶቹ በጌጠኛ ጥላ ሥር ሆነው፣ ጥንታዊቱን ከተማ ቁልቁል ከሚያሳየው ከአርሞን ሃናጺቭ መናፈሻ ላይ ኦሪት ያነባሉ፤ የአገሪቱ መሪዎችም ይገኛሉ። በ2016 መንግሥት ያቋቋመው ኮሚቴ በኢትዮጵያ ተወላጆች ላይ ዘረኝነት መኖሩን አምኖ የሚስተካከልበትን ሐሳብ አቀረበ። ይህን ያስገኙት ሽማግሌዎቹ ብቻ አይደሉም፤ ዕብራይስጡን አቀላጥፈው የሚናገሩ፣ ሕግ የተማሩ፣ በሠራዊቱ ያገለገሉ ልጆቻቸውም ናቸው። እነዚህ ልጆች ከሰፈሩ ወጥተዋል፤ ሰፈሩን ግን አልካዱም። አንደኛው ነፃነት ከሌላው ጋር ሲገናኝ የሚወልደው እንዲህ ያለ ዜጋ ነው። አገሩን የከሰሱት አገሬ ነው ብለው ስለሚያምኑ ነው።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሡ ጠንካራ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው ስለ መተማመን ነው። አሜሪካዊው የፖለቲካ ሊቅ ሮበርት ፑትናም በ2007 ባሳተመው ጥናት ወደ 30,000 ከሚጠጉ አሜሪካውያን የተሰበሰበ መረጃ መርምሮ፣ ብዙ ዓይነት ሕዝብ በተቀላቀለበት ሰፈር ሰዎች እርስ በርስ ያላቸው መተማመን ዝቅተኛ መሆኑን፣ የገዛ ወገናቸውን እንኳ አብዝተው እንደማያምኑ አሳየ። ብዙዎች ይህን ብዝኃ ባህልን ለመንቀፍ ይጠቅሱታል። ነገር ግን ፑትናም ያጠናው የተቀላቀሉ ሰፈሮችን ነው፤ መደባለቅ ብቻውን መተማመንን እንደማይወልድ ያሳያል እንጂ ተሰባስቦ መኖር መተማመንን ያጠፋል አይልም። እሱ ራሱም ችግሩ የአጭር ጊዜ መሆኑን፣ በረጅም ጊዜ ኅብረተሰብ ሁሉንም የሚያቅፍ አዲስ «እኛነት» ሊፈጥር እንደሚችል ጽፏል። የዴንማርክ ሕግ ደጋፊዎች ደግሞ በእነዚያ ሰፈሮች ሥራ አጥነትና ወንጀል በርክቷል፣ ሕፃናት ዴንማርክኛ ሳይሰሙ ያድጋሉ ይላሉ። ስጋታቸው ባዶ አይደለም። ልጅ የአገሩን ቋንቋ ሳይችል ትምህርት ቤት መግባቱ በሕይወቱ ላይ ጉዳት ነው፤ መዋያና ትምህርት ቤት መክፈትም የመንግሥት ግዴታ ነው። ነገር ግን ድህነትን በድህነቱ፣ ወንጀልን በወንጀሉ መቆጣጠር ይቻላል። ኮፐንሃገን ተወልዶ ኮፐንሃገን ያደገውን ልጅ በወላጆቹ የትውልድ አገር ምክንያት ከችግሩ ወገን መቁጠር ግን፣ ምንም ቢማር ምንም ቢሠራ የዚህ አገር ሰው አትሆንም ብሎ መንገር ነው። እንዲህ የተነገረው ልጅ የከተማይቱን ሰላም እንዴት የራሱ ያደርገዋል?

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፤ የሚነሣውም ከፍትሕ ወገን ነው። ፈላስፋዋ ሱዛን ሞለር ኦኪን በ1997 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ የባህል መብት እያልን የምንከላከለው ብዙ ጊዜ ወንዶች በሴቶች ላይ ያላቸውን ሥልጣን ነው ብላ ሞገተች። እውነቷን ነው፤ ማኅበረሰቡን በመከላከል ስም በውስጡ ያለችውን ሴት መርሳት አይቻልም። ሴት ልጅን መግረዝ፣ ያለ ፈቃዷ መዳር፣ ድብደባን በሽምግልና ሸፍኖ ወደ ደብዳቢው መመለስ በየትኛውም ባህል ስም ሊጸና አይገባም። ካናዳዊው ፈላስፋ ዊል ኪምሊካ በ1995 መጽሐፉ ለዚህ የሚረዳ ልዩነት አስቀምጧል። ማኅበረሰብ ከውጭ ከሚመጣበት ጫና ከለላ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ የገዛ አባሎቹን ነፃነት ለመገደብ ከለላ መጠየቁ ግን ተገቢ አይደለም። ሁለተኛው ነፃነት ያልኩት ይህ ነው፤ አንድ ማኅበረሰብ ከአገሩ የሚጠይቀውን መከበር ለገዛ ልጆቹ መንፈግ አይችልም። ሆኖም መውጫው በቃል ብቻ ክፍት ቢሆን ጥቅም የለውም። የተደበደበች ሴት ፖሊስ ስትጠራ ቋንቋዋን የሚረዳ ሰው ካጣችና ባሏ አስተርጓሚ ከሆነላት ወዴት ትወጣለች? የዋሽንግተን ከተማ በ2004 ያወጣው የቋንቋ ሕግ የመንግሥት ቢሮዎች በሌሎች ቋንቋዎች እንዲያስተናግዱ ሲያስገድድ፣ አማርኛም ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። ይህ እንግሊዝኛ እንዳይማሩ ያሳንፋል የሚሉ አሉ። እንግሊዝኛ ለመማር ግን በመጀመሪያ ቤት፣ ሐኪምና ጥበቃ ማግኘት ያስፈልጋል። በቋንቋዋ የተሰማች ሴት የከተማው ሕግ የእሷም ሕግ መሆኑን ታውቃለች፤ ከሰፈሩ መውጣት ቢያስፈልጋትም የምትወጣበት በር አላት።

ሦስተኛው፣ እንግዳ የገባበትን ቤት ሥርዓት ማክበር አለበት የሚለው ነው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ አባባል ጆሯችንን አይሻክረውም፤ ያደግንበት ነውና። የአገርን ሕግ ማክበር፣ ግብር መክፈል፣ የጋራውን ቋንቋ መማር የስደተኛው ግዴታ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን እንግድነት ፍጻሜ አለው። ሠላሳ ዓመት ግብር የከፈለ፣ ወላጆቹን የቀበረበት፣ ልጆቹን የወለደበት ሰው እስከ መቼ እንግዳ ይባላል? ኦሪት ዘሌዋውያን በአሥራ ዘጠነኛው ምዕራፍ መጻተኛውን እንደ አገር ልጅ ቁጠሩት ሲል እንደ አገር ልጅ ይምሰል ብሎ አልጨመረም፤ እስራኤል ራሱ በግብፅ መጻተኛ እንደ ነበረ ማስታወስን ብቻ ምክንያት አደረገ። ሕግ ሁሉን እኩል ያስተዳድራል፤ አምልኮን፣ ምግብን፣ ለቅሶንና ቋንቋን ግን አንድ ለማድረግ የተሰጠው ሥልጣን የለም።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ደብዳቤው ወደ እኛም ይዞራል፤ ኤርምያስ የጻፈው ለባቢሎን ንጉሥ ሳይሆን ለስደተኞቹ ነውና። በውጭ የሚኖረው ሕዝባችን በአብዛኛው የሐናንያን ድምፅ ሰምቶ ኖሯል። ልቡ ነገ እገባለሁ በሚል ተስፋ ታስሮ፣ ያደረበትን ከተማ እንደ መተላለፊያ ሲቆጥር ዓመታት አለፉ። የአገር ቤት ፖለቲካ ሲነሣ አዳራሽ ይሞላል፣ ሰልፍ ይወጣል፣ ገንዘብ ይዋጣል፤ ልጁ የሚማርበትን ትምህርት ቤት የሚያስተዳድረው ቦርድ ሲመረጥ ግን ብዙው ቀኑንም አያውቅም። ይባስ ብሎ የአገር ቤቱን የዘርና የፖለቲካ ጠብ ተሸክመን ሄደን አብያተ ክርስቲያናትንና ማኅበራትን ከፋፍለንበታል፤ ትናንት በአንድ መርዶ ያለቀሱ ሰዎች ዛሬ በተለያየ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ይህ ከአገሬው መራቅ ብቻ ሳይሆን ከራስም ወገን መራቅ ነው። አገርን መውደድና ለአገር መቆርቆር ክቡር ነገር ነው፤ ምርኮኞቹም ኢየሩሳሌምን ረሱ አልተባለም። ነገር ግን በአሌክሳንድሪያ የተወለደ ልጅ ወላጆቹ ለሚኖርበት ከተማ ምንም ሲያደርጉ ሳያይ ካደገ፣ የእነሱን ናፍቆት መውረስ አይችልም፣ የራሱንም ከተማ አያገኝም። ናፍቆት እንደ ቅርስ አይተላለፍም፤ የሚተላለፈው ሥራ ነው።

ስለዚህ ግዴታው ሁለት ወገን ነው፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። ተቀባዩ አገር ዜግነትን ከዘር አለያይቶ፣ ድህነት የተከማቸባቸውን ሰፈሮች በትምህርትና በሥራ ከፍቶ፣ ሰው ከሰፈሩ መውጣትም መቅረትም የሚችልበትን ሕግ ያጽና። ይህን ሳያደርግ «ለምን አትቀላቀሉም?» ብሎ የመጠየቅ ሥልጣን የለውም። ተሰባስቦ የሚኖረው ሕዝብ ደግሞ እድሩን፣ እቁቡንና ቤተ አምልኮውን ይጠብቅ፤ የሴቶቹንና የልጆቹን ፈቃድ አይጨቁን፤ ለወገኑ የዘረጋውን እጅ ወደ ጎረቤቱም ይዘርጋ። የእድሩ ሊቀመንበር በወላጆች ኮሚቴም ይቀመጥ፤ ካህኑና ኢማሙ በጸሎታቸው ያደሩበትን ከተማ በስሟ ያንሷት፤ ድምፅ መስጠት የሚችል ሁሉ ለከንቲባውም፣ ለትምህርት ቦርዱም ይምረጥ። አንድን ሰው የከተማው ልጅ የሚያደርገው ቋንቋው ወይም ሰፈሩ አይደለም፤ ከተማዋ ስትጎዳ የእኔ ጉዳት ነው ማለቱና እሱም ሲጎዳ ከተማዋ እንዲሁ ማለቷ ነው። ይህ መተሳሰብ ባለበት የሺህ ቋንቋ ሰፈሮች አንድ ከተማ ይሆናሉ፤ በሌለበት ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው በአንድ ቋንቋ ቢያወሩም ባዕድ ሆነው ይኖራሉ።